የተወከለ ኅሊና

አንድ ወዳጅ አለኝ። ምርጫ በመጣ ቁጥር ካርዱን በላስቲክ ጠቅልሎ የደረት ኪሱ ውስጥ ይዞ ይዞራል። ምርጫው ካለፈ በኋላ ግን የአገር ጉዳይ ብታነሡበት፣ «እኔ ድምፄን ሰጥቻለሁ፤ ከዚህ ወዲያ የተወካዩ ጣጣ ነው» ይላችኋል። ከዚያ ማኪያቶውን ፉት ብሎ ወሬ ይቀይራል። ነገሩ ያበግነኛል፤ ረጋ ብዬ ሳስበው ግን መልስ ያጥረኛል። ቤት ለመሸጥ፣ ፍርድ ቤት ለመቆም ውክልና እንሰጣለን። ኅሊናንስ? «እኔን ወክለህ አንተ ተቆርቆርልኝ» ማለት ይቻላል ወይ?

ይህ ጥያቄ ሲነሣ ሁልጊዜ የሚመጣብኝ ዛሬ በምርጫ ካርታ ላይ የሌለ አንድ ሰፈር ነው። ሃውተን ይባላል። ከጆሃንስበርግ መሐል ከተማ በስተሰሜን ያለ፣ ግቢው ሰፊ፣ ዛፉ ብዙ፣ አጥሩ ረጅም የሆነ የባለጸጋ ሰፈር ነው። ሰፈሩ አሁንም አለ። የጠፋው በስሙ ይጠራ የነበረው የፓርላማ ምርጫ ክልል ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠቅሳቸው።)

በአፓርታይድ ዘመን በሃውተን የሚመርጠው ነጭ ብቻ ነበር። ከየቪላው ጀርባ ደግሞ አንድ ጠባብ ክፍል አለች፤ ምግብ የምታበስለው፣ ልጅ የምታሳድገው ጥቁር ሠራተኛ የምታድርባት። አትክልተኛውም እንዲሁ። የይለፍ ደብተር ሳይዙ ከግቢ ቢወጡ ፖሊስ ያፍሳቸዋል። እንግዲህ እነዚህ ሰዎች በምርጫ ክልሉ ውስጥ ያድራሉ፣ ይነሣሉ፣ ያረጃሉ። በመራጮች መዝገብ ላይ ግን የሉም።

በ1953 ይህ ሰፈር ሄለን ሱዝማን የምትባል ሴት ፓርላማ ላከ። ከሊትዌኒያ የመጡ አይሁዳውያን ስደተኞች ልጅ ናት፤ በዊትዋተርስራንድ ዩኒቨርሲቲ የኢኮኖሚ ታሪክ ታስተምር ነበር። የተመረጠችው በዋናው ተቃዋሚ፣ በዩናይትድ ፓርቲ ስም ነው። በ1959 ፓርቲው ስለ ጥቁሮች መብት ወዲያና ወዲህ ማለቱ ያንገሸገሻት እሷና ጥቂት ጓደኞቿ ተገንጥለው ፕሮግሬሲቭ ፓርቲን አቋቋሙ። በ1961 ምርጫ ሲደረግ ጓደኞቿ በሙሉ ወደቁ። የተረፈችው እሷ ብቻ ናት። በስንት ድምፅ ብልጫ? በ564።

እስቲ ይህን ቁጥር ቆም ብለን እንየው። 283 ሰዎች ያን ቀን ሐሳባቸውን ቀይረው ለተፎካካሪዋ ቢሰጡ ኖሮ አለቀ። አንድ መጠነኛ የሰርግ ድንኳን የሚሞላ ሰው ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ለ13 ዓመት፣ እስከ 1974 ድረስ፣ ከ150 በላይ አባላት ባሉት ምክር ቤት ብቸኛዋ የፓርቲዋ ተወካይ ሆና ቆየች። በ1963 ሰውን ያለ ክስ ለ90 ቀን ማሰር የሚፈቅደው ሕግ ሲቀርብ ዋናው ተቃዋሚ ፓርቲ ሳይቀር ደገፈ። ስትቃወም የቆመችው እሷ ብቻ ነበረች። ጥያቄ ማቅረብም ሥራዋ ነበር። ስንት ሰው ታሰረ? ስንት ሰው ተፈናቀለ? እስር ቤት ውስጥ ስንት ሰው ሞተ? አንድ ሚኒስትር «በጥያቄሽ አገራችንን በውጭው ዓለም ታሳፍሪያለሽ» ቢላት፣ አሳፋሪው የእሷ ጥያቄ ሳይሆን የእነሱ መልስ መሆኑን ነገረችው።

በ1967 ሮበን ደሴት ገባች። ከአምስት ዓመት በፊት እዚሁ አዲስ አበባ፣ ኮልፌ፣ ወታደራዊ ሥልጠና ሲወስድ የነበረው ኔልሰን ማንዴላ ያን ጊዜ እዚያ ድንጋይ ፈላጭ እስረኛ ነው። ክንዱ ላይ የናዚ ምልክት የተነቀሰ አንድ ጨካኝ ጠባቂ እንዳለ ነገራት። ጉዳዩን ይዛ ሄደች፤ ብዙም ሳይቆይ ሰውየው ከደሴቱ ተነሣ።

ስለ እሷ ይህን ያህል። እኔን የሚከነክነኝ የላካት ሰው ነው። ያ የሃውተን መራጭ ድምፁን ሰጠና ወደ ቤቱ ገባ። ሻይ ቀረበለት። ሻዩን ያቀረበችለት ያቺ የይለፍ ደብተር ያላት ሴት ናት። በማግስቱ ጋዜጣ ሲያነብ እንደራሴው ሚኒስትሩን አፋጣ ስትይዘው ያይና ደስ ይለዋል። «እኛ እኮ እንደነዚያ አይደለንም!» ቪላው የሱ፣ ግቢው የሱ፣ ንጹሕ ኅሊናውም የሱ። ከጀርባ ያለችው ክፍል ግን ያችው ናት። ከዚህ የረከሰ ኅሊና ከየት ይገኛል?

በእሷም በኩል ቢሆን ነገሩ ጥርት ያለ አይደለም። ፓርቲዋ እስከ 1978 ድረስ የመምረጥ መብት በትምህርት ወይም በንብረት ደረጃ ይወሰን ባይ ነበር። በ1968 ነጭና ጥቁር በአንድ ፓርቲ እንዳይደራጅ የሚከለክል ሕግ ሲወጣ፣ «ክራይ፣ ዘ ቢላቭድ ከንትሪ»ን የጻፈው አላን ፔተን የሚመራው ሊበራል ፓርቲ ከመታዘዝ መፍረስን መረጠ። የሱዝማን ፓርቲ ታዘዘና ቀጠለ። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ይህን ታሪክ ሳነሣ ተማሪዎቼ ሁሌም ከፔተን ጋር ይቆሙ ነበር። አልፈርድባቸውም፤ በሃያ ዓመት ዕድሜ ንጹሕ እጅ ከምንም በላይ ያምራል። እኔም እንደነሱ ነበርኩ። ዛሬ ግን ፍርዱን ለእስረኛው እተወዋለሁ። እስረኛው የሚፈልገው በዚያ በር መግባት የሚችል ሰው ነው። በሩን የሚያስከፍተው ደግሞ የፓርላማ ወንበር ነው። ወንበሩ የተገኘው ከእነዚያ ሻይ ከሚጠጡ ሰዎች ነው። ያ ጠባቂ ሲነሣ ማን በምን ልብ እንደመረጣት የሚጠይቅ እስረኛ ያለ አይመስለኝም።

ስለዚህ ወዳጄን ሙሉ በሙሉ ልረታው አልችልም ማለት ነው። የሰነፍ ሰው ድምፅም በር ይከፍታል። ያም ሆኖ የተከፈተው በር ያንን ሰነፍ ደግ አያደርገውም። የሃውተን መራጭ በሮበን ደሴት ላለ እስረኛ ድምፅ ሰጠ፤ ጓሮው ውስጥ ላለችው ሴት ግን ተወካይ መላክ አያስፈልገውም ነበር። እዚያ ባለሥልጣኑ እሱ ራሱ ነው። ደመወዟን፣ የእረፍት ቀኗን፣ ልጇን ስንቴ እንደምታይ የሚወስነው እሱ ነው። ለዚህ ምን ውክልና ይሰጣል?

ሱዝማን በ1989 ጡረታ ወጣች። በ1994 አዲሱ ሥርዓት ሲመጣ መላ አገሪቱ በፓርቲ ዝርዝር መምረጥ ጀመረች፤ ሃውተን የሚባል የፓርላማ ወንበርም ከሌሎቹ ጋር ቀረ። በሚያዝያ ወር እመቤትና ሠራተኛ በአንድ ሰልፍ ቆመው መረጡ። ማን ያዝናል በዚህ? እኔ የምቆጭበት አንድ ነገር ብቻ ነው። በ1959 ፓርቲዋን ጥላ ስትወጣ ወንበሯን ይዛ የወጣችው ወንበሩ የሰፈሩና የእሷ ስለነበረ ነው። በዝርዝር የገባ አባል ግን ፓርቲውን ከለቀቀ ወንበሩንም ይለቃል። ለሁሉም ሰው ድምፅ የሰጠው ሥርዓት ለብቻ መቆምን አስቸጋሪ አደረገው።

ማንዴላ ከእስር ከወጣ በኋላ መኖሪያውን ሃውተን አደረገ፤ በታኅሣሥ 2013 ያረፈውም እዚያው ቤቱ ነው። ሱዝማን ቀድማው በጥር 1 ቀን 2009 አርፋለች።

ይህን ሁሉ ባለፈው ለወዳጄ አወራሁለት። በጥሞና ሰማኝ። «እንግዲያው መምረጡ ጥቅም አለው ብለህ አመንክልኝ» አለና ሳቀ። አዎ፣ አምኛለሁ አልኩት። ቀጥዬ የቤት ሠራተኛውን በወር ስንት እንደሚከፍላት ጠየቅኩት።

አስተናጋጁን ጠርቶ ሒሳብ አለ።