ደም ሲመለስ የሚደርስ ጉዳትና የአዳኙ ኃላፊነት

ደም የተቋረጠበትን የሰውነት ክፍል ሊያድነው የሚችለው የደሙ መመለስ ብቻ ነው፤ ሆኖም የሚመለሰው ደም ራሱ ጉዳት ያደርሳል። ኦክስጅን አጥቶ በቆየ ሕዋስ ውስጥ ጉልበት የሚያመነጩት ማይቶኮንድሪያዎች ይታወካሉ፤ አሲድና ካልሲየም ይከማቻሉ። ደሙ ሲመለስ ኦክስጅኑ በታወከው ሥርዓት ላይ በድንገት ይደርሳል፤ ፍሪ ራዲካል የሚባሉ ጎጂ ሞለኪውሎች በገፍ ይፈጠራሉ፤ የማይቶኮንድሪያው ሽፋን ይበሳል፤ ነጭ የደም ሕዋሳትም ተሰብስበው እብጠቱን ያባብሳሉ። ደም ካልተመለሰ ሕዋሱ መሞቱ አይቀርም፤ ሲመለስ ደግሞ ሊተርፍ ይችል ከነበረው ከፊሉ ይሞታል። ምን መደረግ እንዳለበት አያከራክርም። የሚያከራክረው ከማዳኑ ጋር አብሮ ለሚመጣው ጉዳት ተጠያቂው ማን ነው የሚለው ነው።

በሆሳዕናና በሌሎቹ የሐዲያና የከምባታ ከተሞች ይህ የንድፈ ሐሳብ ጥያቄ ብቻ አይደለም። የአንጀት መታጠፍ፣ በተለይ ሲግሞይድ በሚባለው የትልቁ አንጀት ክፍል ላይ የሚደርሰው፣ በኢትዮጵያ ለድንገተኛ የሆድ ቀዶ ሕክምና ከሚዳርጉ ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ ነው። የታጠፈው አንጀት የራሱን ደም ሥሮች አብሮ ያንቃል። ሐኪሙ ሆዱን ሲከፍት መጀመሪያ የሚያየው ቀለሙን ነው። አንጀቱ ወደ ሐምራዊ ተለውጦ ገና ሕይወት ያለው ከመሰለ ይፈታዋል፤ ሞቅ ባለ የጨው ውሃ በራሰ ጨርቅ ሸፍኖ ጥቂት ደቂቃ ይጠብቃል፤ ቀለሙ ወደ ሮዝ መመለሱን፣ አንጀቱ መንቀሳቀሱን፣ የደም ሥሩ መምታቱን ያያል። ጠቁሮ የሞተ ከሆነ ግን ሳይፈታ፣ እንደታጠፈ ቆርጦ ማውጣት ይመከራል። ቢፈታ በውስጡ የታቆረው ፖታሲየም፣ አሲድና የባክቴሪያ መርዝ ወደ ልብ ይሄዳል፤ የበሽተኛው የደም ግፊትም እዚያው ጠረጴዛው ላይ ሊወድቅ ይችላል።

ወጌሻ አጥብቆ ያሰረው ስብራትም እንዲሁ ነው። እግሩ ሲያብጥ የቀርከሃው ስንጥርና ጨርቁ ደም ይዘጋሉ፤ ስድስት ሰዓት ገደማ ካለፈ በኋላ ጡንቻው የመትረፍ ዕድሉ ይመነምናል። ማሰሪያው ዘግይቶ ሲፈታ ጡንቻው የበለጠ አብጦ ራሱን ያንቃል፤ ከሞተው ሥጋ የሚወጣው ንጥረ ነገርም ኩላሊትን ይጎዳል።

ፕሮቴስታንቱ በበዛበት፣ ሙስሊሙ፣ ኦርቶዶክሱና ካቶሊኩም አብሮ በሚኖርበት በዚህ አካባቢ ለጥያቄው መልስ የሚፈለገው በሕክምና መጽሐፍ ብቻ አይደለም። ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 17 የሥጋን ሕይወት ከደም ጋር ያያይዛል። ታዲያ ሕይወት የተባለው ነገር ሲመለስ እንዴት ይገድላል? የሥነ ሕይወት መልስ ቀጥተኛ ነው፤ ደሙ አልተለወጠም፣ የተለወጠው ተቀባዩ ነው። የሥነ ምግባሩ መልስ ግን ረዘም ያለ ነው። በ13ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ቶማስ አኲናስ ራስን ስለመከላከል ሲጽፍ፣ አንድ ድርጊት ሁለት ውጤት ሊኖረው እንደሚችልና አንዱ የታሰበ፣ ሌላው ከሐሳብ ውጭ የሆነ ሊሆን እንደሚችል ለይቷል። የእስልምና ሕግ ሊቃውንት ደግሞ ትልቁን ጉዳት ለማስቀረት ትንሹን መሸከም እንደሚፈቀድ፣ ነገር ግን ጉዳት በአቻው ጉዳት እንደማይወገድ ያስተምራሉ። በሁለቱም መንገድ አንጀቱን የፈታው ሐኪም ከበደል ነጻ ነው። ነጻነቱ ግን ቅድመ ሁኔታ አለው። ጉዳቱ ከሐሳብ ውጭ ነው ማለት ከዕውቀት ውጭ ነው ማለት አይደለም። እንደሚመጣ እያወቀ ሳይዘጋጅ የፈታ ሰው ሐሳቤ ማዳን ነበር በማለት ብቻ ሊያመልጥ አይገባም።

ማደንዘዣ ወደዚህ ክርክር የገባው በሌላ በር ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 የታተመ ጥናት የውሾች የልብ ደም ሥር አራት ጊዜ ለአምስት አምስት ደቂቃ ተዘግቶ ከተከፈተ በኋላ ለ40 ደቂቃ ሲዘጋ፣ የሞተው የልብ ጡንቻ ያለዚህ ዝግጅት ከሚሞተው ሩብ ያህሉ ብቻ እንደነበር አሳየ። ይህን ግኝት መከራ ሰውን ያጠነክራል ለሚል ስብከት መጠቀም ይቀናል፤ ሆኖም ጥበቃው የተገኘው መዘጋቱ አጭር ስለነበረና በጊዜው ስለተከፈተ ነው፤ ረጅሙ መዘጋትማ ይገድላል። እ.ኤ.አ. በ1997 ደግሞ አይሶፍሉሬን የተባለው በትንፋሽ የሚሰጥ ማደንዘዣ ደም ሳይቋረጥ ተመሳሳይ ጥበቃ እንደሚሰጥ በእንስሳት ላይ ታየ። በደም ሥር የሚሰጠው ፕሮፖፎልም ፍሪ ራዲካልን የማምከን ባሕርይ አለው።

ማደንዘዣው የሚሰጠው ሕመም እንዳይሰማ ነው፤ ጥበቃው ከሐሳብ ውጭ የመጣ በጎ ነገር ነው። አዳኙ ባላሰበው ጉዳት ካልተወቀሰ ባላሰበው ጥቅምም አይመሰገንም። ጥቅሙ ከታወቀ በኋላ ግን የመምረጫ ምክንያት ይሆናል፤ ያኔ እውነት መሆኑን ማጣራት ግዴታ ነው። የማጣራቱ ውጤት ተስፋውን የሚያቀዘቅዝ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2019 ይፋ የሆነ ጥናት በ13 አገሮች የልብ ደም ሥር ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን 5,400 በሽተኞች አነጻጸረ። በአንድ ዓመት ውስጥ የሞቱት በትንፋሽ ማደንዘዣ ከወሰዱት 2.8 በመቶ፣ በደም ሥር ብቻ ከወሰዱት 3.0 በመቶ ነበሩ፤ ልዩነት አለ ለማለት የማይበቃ ነው። በሕዋስና በእንስሳት ላይ የታየው እውነት ነው፤ የሰውን ዕድሜ ያረዝማል ብሎ ቃል መግባት ግን አይፈቀድም።

የኬታሚን ጉዳይ ይህን ይበልጥ ያከብደዋል። የተለመደው ኬታሚን በጥንቸሎች ልብ ላይ ያንን በአጭር መዘጋት የሚገኝ ጥበቃ እንደሚያጠፋ እ.ኤ.አ. በ2001 ተጽፏል። ይሁንና ከሾኔ ወይም ከዱራሜ ገጠር ዘግይቶ ሆሳዕና ለደረሰ፣ ፈሳሽ ላለቀበትና ግፊቱ ለወረደ በሽተኛ ኬታሚን ከብዙዎቹ ማደንዘዣዎች ይልቅ የደም ግፊትን ይደግፋል። በቤተ ሙከራ የታየ ስጋት ጠረጴዛው ላይ ከሚታይ አደጋ አይቀድምም፤ የአንስቴዥያ ባለሙያው ኬታሚንን ቢመርጥ ትክክል ነው።

በሐዲያ ገዢ ልጅ በንግሥት እሌኒ ስም በተሰየመው የሆሳዕና ሆስፒታልም ሆነ በሌላ፣ የአዳኙ ዝግጅት የሚታየው ከመፍታቱ በፊት ባሉት ደቂቃዎች ነው። ሐኪሙ ሊፈታ መሆኑን አስቀድሞ ይናገራል፤ ባለሙያው ፈሳሹን ይሞላል፣ ኦክስጅኑን ይጨምራል፣ ካልሲየምና አድሬናሊን በእጁ ያደርጋል፣ ዓይኑን ከልብ ምት መቆጣጠሪያው አያነሳም። የፈቃድ ፊርማ የሚጠየቀው ቤተሰብም ስለ ቢላዋው ብቻ ሳይሆን መፍታቱ ራሱ ሊጎዳ እንደሚችል፣ ባይፈታ ወይም ባይቆረጥ ደግሞ ሞቱ እንደማይቀር በሚገባው ቋንቋ፣ በሐዲይሳም ሆነ በከምባቲሳ፣ ሊነገረው ይገባል።