ደረትሽ ይለካ፣ ቁጥሩ ይቆይ

ልጄ፣ ጥያቄሽን ሰማሁ። «ጡቴን ላሠራ ወስኛለሁ፣ ስንት ሲሲ ይሻለኛል?» ነው ያልሽኝ። ነውር ነው ብዬ ፊቴን አላዞርብሽም። ሁለት ልጅ አጥብተሻል፣ ልብስሽ እንደ ድሮው አልቀመጥ ብሎሻል፣ ገንዘቡንም ሠርተሽ ያጠራቀምሽው አንቺ ነሽ። አካሉ የራስሽ ነው። እኔ ግን እዚሁ ሜሪላንድ ውስጥ በቀዶ ጥገና ክፍል ነርስነት ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝና፣ ከቁጥሩ በፊት መምጣት ያለበትን ልንገርሽ። ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ ይባላል።

«ስንት ሲሲ» ለሚለው መልሱ ያለው ደረትሽ ላይ ነው። ልብስ ሰፊ ሜትሩን ሳያወጣ ጨርቅ አይቆርጥም፤ ጥሩ ሐኪምም መለኪያውን አውጥቶ የጡትሽን የግርጌ ስፋት፣ ከደረት አጥንቱ ወገን እስከ ብብት ወገን፣ ሳይለካ ስለ መጠን አያወራም። ልኩ 12 ሴንቲሜትር ከሆነ፣ የሚገባው ሲሊኮን ከዚያ መስፋት የለበትም። ከሰፋ በጎን ወጥቶ ክንድሽን ይፈትገዋል፤ ወይም ወደ መካከል ተገፍቶ ሁለቱ ጡቶች ይገናኙና በመካከላቸው ያለው ክፍተት ይጠፋል። ይህን መልሶ ማስተካከል ከመጀመሪያው ቀዶ ጥገና የባሰ አድካሚ ነው።

ቁጥሩ ብቻውን የማይናገረውም ነገር አለ። 300 ሲሲ የሚይዝ ሲሊኮን አንዱ ጠፍጠፍና ሰፋ ብሎ፣ ሌላው ጠበብ ብሎ ወደ ፊት የወጣ ሆኖ ይሠራል። ሐኪሞቹ «ፕሮፋይል» ይሉታል። ይዘታቸው እኩል ሆኖ ሳለ በስፋት አንድ ሴንቲሜትር ያህል ሊለያዩ ይችላሉ። እንግዲህ ጓደኛሽ «እኔ 350 ነው ያስገባሁት» ስትልሽ የነገረችሽ ግማሹን ብቻ ነው። እሷ ረጅም ናት፣ ትከሻዋም ሰፊ ነው፤ ያው 350 አንቺ ላይ ሲሆን ሌላ ጡት ይሆናል። የሰው ወርቅ አያደምቅ። በስልክሽ ያጠራቀምሻቸውን ፎቶዎች ለሐኪሙ አሳዪው፣ የምትወጂውን ቅርጽ እንዲረዳ ያግዘዋል። ከፎቶ ላይ ግን ቁጥር አታንሺ።

ከስፋቱ ቀጥሎ የሚታየው ሥጋሽና ቆዳሽ ነው። ሐኪሙ ከጡትሽ በላይ ያለውን ሥጋ በሁለት ጣቱ ቆንጠጥ አድርጎ ይለካዋል። ከ2 ሴንቲሜትር ያነሰ ከሆነ ብዙዎቹ ሲሊኮኑ ከጡንቻ ሥር እንዲገባ ይመክራሉ፤ አለዚያ ጠርዙ ከውጭ ይታያል፣ ሲዳሰስም ይታወቃል። አንቺ ከልጅነትሽ ጀምሮ ቀጭን ነሽና ይህን አጥብቀሽ ጠይቂ። ሌላም አለ። ያጠባ ጡት ቆዳው ላላ ይላል። ጫፉ ከጡቱ ሥር ካለው እጥፋት በታች ወርዶ ከሆነ፣ ሲሊኮን ብቻውን አያነሣውም። «ትልቅ ባስገባ ይነሣልኛል» ብለው የመጡ ሴቶች አይቻለሁ፤ ክብደት ሲጨመርበት ቆዳው ጭራሽ ይረግባል። ለእሱ ራሱን የቻለ የማንሻ ቀዶ ጥገና አለ። ጠባሳው ይበዛል፣ ሆኖም መድኃኒቱ እሱ ነው። ቀኝና ግራሽም እኩል አይደሉም፤ የማንም ሴት እኩል አይደሉም። አንዳንዴ ለሁለቱ የተለያየ መጠን ይታዘዛል፣ ያኔ አትደንግጪ።

«ሲ ካፕ ልሁን» ብለሽ ነበር ደግሞ። ካፕ አንድ ወጥ ልክ የለውም፤ አንዱ ሱቅ ሲ ያለውን ሌላው ዲ ይለዋል። ጠንቃቃ ሐኪም በካፕ ቃል አይገባልሽም። ይልቅስ ቤትሽ እንዲህ አድርጊ። ወጥ ቤት ያለው የአሜሪካኖቹ የመለኪያ ኩባያ 240 ሲሲ ገደማ ይይዛል። በዚያ ሩዝ ሰፍረሽ በስስ ስቶኪንግ ቋጥሪና ሽቦ በሌለው ጡት ማስያዣ ውስጥ ክተቺው። ከዚያ ጨምሪ፣ ቀንሺ። ለጥቂት ቀናት ቤት ውስጥ ዋዪበት። የሥራ ልብስሽን ልበሺበት፣ ለቤተ ክርስቲያን የምትለብሺውን ቀሚስም ልበሺበት፣ ደረጃ ውጪበት፣ ልጅሽን እቀፊበት። ዓይን አይቶ ልብ ይፈርዳል። ሩዙ ከሲሊኮን ስለሚቀል ክብደቱን በትክክል አይነግርሽም፤ መጠኑን ግን ያሳይሻል። በሐኪሙ ቢሮ ያለው መሞከሪያ ደግሞ የበለጠ ይቀርባል። ከውጭ ተደርጎ ያየሽው፣ ከጡንቻ ሥር ሲገባ ትንሽ ያነሰ ይመስላል፤ ሐኪሙ ይህን አስቦበት እንደሆነ ጠይቂው።

አሁን ዋናው ጭንቀቴ ጋ ደርሻለሁ። ጓደኞችሽ «ትልቁን አድርጊ፣ በኋላ ትጸጸቻለሽ» እያሉሽ ነው። እውነትነት የለውም አልልም፤ ካሠሩ በኋላ «ትንሽ ከፍ ባደርገው ኖሮ» የሚሉ ሴቶች ብዙ ናቸው። ዓይን ቶሎ ይለምዳል፣ የለመደው ደግሞ ያንስበታል። በትልቁ መጸጸት ግን ዘግይቶ ነው የሚመጣው፣ ሲመጣም ከባድ ነው። 500 ሲሲ ማለት ግማሽ ኪሎ ያህል ነው፤ ሁለቱ ሲደመሩ አንድ ኪሎ። ይህን ደረትሽ ላይ ይዘሽ ትሠሪያለሽ፣ ትሮጫለሽ፣ ትተኛለሽ። ከዓመት ዓመት ቆዳውን ይለጥጣል፣ የራስሽን የጡት ሥጋ ያሳሳል፤ የሳሳው ደግሞ ሲሊኮኑ ቢወጣም ተመልሶ አይሞላም። ሃምሳ ዓመት ሲሆንሽ ሌላ ሐኪም በዚያው ደረት ላይ መሥራት ይኖርበታል፤ የሚሠራበት ሥጋ ልትተዪለት ይገባል። ሲበዛ ማር ይመራል።

ስለዚህ የምመክርሽ ይህ ነው። በሁለት መጠን መካከል ካመነታሽና ሁለቱም ከደረትሽ ስፋት ካላለፉ፣ ልብሽ የወደደውን ውሰጂ። በ25 ሲሲ እንቅልፍ አትጪ፤ ሁለት የሾርባ ማንኪያ እንኳ አይሞላም። አንዱ ከስፋትሽ የሚያልፍ ከሆነ ግን ማንም ቢያባብልሽ ተዪው።

የማን ምኞት እንደሆነም ደኅና አድርገሽ መርምሪ። የመጀመሪያው የሲሊኮን ጡት የተተከለው እ.ኤ.አ. በ1962 ሂውስተን፣ ቴክሳስ ውስጥ ነው። ቲሚ ጂን ሊንዚ የምትባል የስድስት ልጆች እናት ደረቷ ላይ ያለውን ንቅሳት ልታስጠፋ ሐኪም ቤት ትሄዳለች። የጡቱን ሐሳብ ያመጡት ቶማስ ክሮኒንና ፍራንክ ጌሮው የሚባሉት ሐኪሞች ናቸው። እሷ የምትፈልገው ጆሮዋ እንዲስተካከል ነበር፤ እሱንም እንሠራልሻለን ሲሏት እሺ አለች። ዛሬም ባል ስለ ወደደ ወይም ጓደኛ ስላሠራች ብቻ እዚያ አልጋ ላይ የምትወጣ ሴት አለች። አንቺ ከነሱ አትሁኚ። ማንም የማያይሽ ቢሆን ይህን መጠን ትመርጪው ነበር? መልሱን ለኔ ሳይሆን ለራስሽ ስጪ።

ጊዜውንም አስቢበት፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ታናሹ ጡት ከተወ ገና ሦስት ወሩ ነው። ጡትሽ ገና ቅርጹን አልያዘም፣ ዛሬ የተለካው ልክ በመንፈቅ ይለወጣል። ቢያንስ ስድስት ወር ይሙላው። ሦስተኛ ልጅ ካሰባችሁ ደግሞ ከወለድሽ በኋላ ቢሆን እመርጣለሁ፤ እርግዝና የተሠራውን ጡት ይለውጠዋል። ብዙ ሴቶች ካሠሩም በኋላ ያጠባሉ፣ ወተት የሚያንሳቸውም አሉ። በሁዳዴ መጨረሻ ክብደትሽ ወርዶ ሳለም ለመለካት አትሂጂ። ሲጋራ እንደማታጨሺ አውቃለሁ፣ ሺሻውንም ግን ቢያንስ አንድ ወር ቀድመሽ አቁሚ፤ ቁስል እንዳይድን ያደርጋል። ካሠራሽም በኋላ ጡቱ መጀመሪያ ወደ ላይ የወጣና የጠነከረ ሆኖ ይታይሻል፤ እስኪረጋ ከሦስት እስከ ስድስት ወር ይፈልጋልና በሁለተኛው ሳምንት መስታወት ፊት ቆመሽ አታልቅሺ።

ሲሊኮኑ ዕድሜ ልክ የሚቆይ ነገር እንደማይሆንም አውቀሽ ግቢ። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን፣ ኤፍዲኤ፣ እ.ኤ.አ. በ2021 ይህንኑ በጉልህ ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍ አድርጓል፤ ከቀዶ ጥገናው በፊት ሐኪሙ ከአንቺ ጋር የሚያነብበው የማረጋገጫ ዝርዝር ወረቀትም አለ። ቤትሽ ወስደሽ አንብቢው። ሲሊኮኑ ውስጥ ለውስጥ ቢቀደድ ብዙ ጊዜ ሕመም የለውም፤ ስለዚህ በአምስተኛው ወይም በስድስተኛው ዓመት፣ ከዚያም በየሁለት ሦስት ዓመቱ በኤምአርአይ ወይም በአልትራሳውንድ እንዲታይ ይመከራል። ሳይቃጠል በቅጠል። ለመዋቢያ የተደረገውን ምርመራም ሆነ ማስወጫውን ኢንሹራንስ አብዛኛውን ጊዜ አይከፍልም፤ ዛሬ ከምትከፍዪው ገንዘብ ጎን ለዚያም አስቀምጪ። እ.ኤ.አ. በ2019 አለርጋን የተባለው ኩባንያ ላዩ ሻካራ የሆነ ምርቱን ከአንድ ዓይነት ካንሰር ጋር ባለው ግንኙነት ምክንያት ከገበያ ሰብስቧል። ስለዚህ ያስገባሽው ምርት ስምና ቁጥር ያለበትን ካርድ ከፓስፖርትሽ ጋር አስቀምጪው። ማሞግራም ስትነሺም አስቀድመሽ ንገሪያቸው። ለታናሽ እኅትሽ ደግሞ እንዳትቸኩል ንገሪያት፤ ለመዋቢያ የሚደረገው ሲሊኮን የተፈቀደው 22 ዓመት ለሞላት ሴት ነው።

የሐኪሙ ነገር ቀርቷል። ከመጠምጠም መማር ይቅደም። በአሜሪካ የፕላስቲክ ቀዶ ሐኪሞች ቦርድ የተመሰከረለት መሆኑን አጣሪ፤ «ኮስሜቲክ» የሚል ቃል በር ላይ መለጠፍ ብቻውን ምስክር አይሆንም። ማደንዘዣውን ማን እንደሚሰጥ፣ ችግር ቢመጣ የትኛው ሆስፒታል እንደሚወስዱሽ ጠይቂ። ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል፤ ስትጠይቂው የሚሰለች ሐኪም ቀዶ ጥገናው ካለፈ በኋላ ስልክሽን አያነሣም። ቲክቶክ ላይ ያሳየሽኝ፣ ፎቶ ላኪና መጠንና ዋጋ እንነግርሻለን የሚለው የባሕር ማዶ ክሊኒክ ጋ ደግሞ አትሂጂ። ደረትሽን በእጁ ሳይለካ ቁጥር የሚቆርጥ ሰው እጅ እንድትገቢ አልፈቅድም።

ቀብድ ከመክፈልሽ በፊት ሁለተኛ ሐኪም ጋ ሄደሽ እንደገና ተለኪ። የሁለቱን ልክ ጽፈሽ ያዢና ከተራራቁ ምክንያቱን ሁለቱንም ጠይቂያቸው። ቀጠሮሽን ንገሪኝ፣ አብሬሽ እገባለሁ።