በሁለት ውድድር መካከል ያለው ቀን የማን ነው?

የሰው ሥራ ሁሉ ሁለት ዐይነት ቀን አለው። አንደኛው ሥራው በሰው ፊት የሚታይበት ቀን ነው፤ ሁለተኛው ለዚያ ቀን መሰናዳት የሚደረግበት፣ ተመልካች የሌለው ብዙ ቀን ነው። ገበሬ እህሉን ወደ ጎተራ የሚያስገባበት ቀን ጥቂት ነው፤ የሚያርስበት፣ የሚያርምበትና የሚጠብቅበት ቀን ግን ብዙ ነው። ተማሪ የሚፈተንበት ሰዓት አጭር ነው፤ የሚያጠናበት ሌሊት ግን ረጅም ነው። የረጅም ርቀት ሩጫም እንዲሁ ነው። ማራቶን የሚባለው ሩጫ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር ነው፤ ታላላቆቹ ሯጮች ሁለት ሰዓት ያህል ይሮጡታል፤ ለዚያ ሁለት ሰዓት ግን ብዙ ወራት ይሰናዱለታል።

እንግዲህ ሯጭን ስናመሰግን ወይም ስንነቅፍ የምንመለከተው ያንን አጭሩን ቀን ብቻ ከሆነ ፍርዳችን ጎደሎ ነው። እኔ በዚህ ጽሑፍ ልመረምረው የፈለግሁት ሌላውን ነው። በአንዱ ውድድርና በሚቀጥለው ውድድር መካከል ያሉት ቀኖች የማን ናቸው? ሯጩ እንደ ፈቀደ የሚያደርጋቸው የራሱ ሀብት ናቸው? ወይስ ሌላም ባለመብት አለባቸው?

ጥያቄው ለእኔ ባዕድ አይደለም። የምኖረው በምሥራቅ ጎጃም፣ በዲማ ነው፤ ሥራዬ ልጆችን ማስተማር ነው፤ ማለዳ ማለዳ ደግሞ እሮጣለሁ። ለሩጫዬ ደመወዝ የሚከፍለኝ የለም፤ ሽልማትም አግኝቼ አላውቅም። ኅዳር በደረሰ ጊዜ ግን አዲስ አበባ ወርጄ በታላቁ ሩጫ ከብዙ ሺህ ሰው ጋር 10 ኪሎ ሜትር ሮጬ እመለሳለሁ። ይህ ሩጫ በ1994 ዓ.ም. ሲጀመር የመጀመሪያውን ያሸነፈው ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ነው፤ እኔ ግን ከኋላ ከሚመጡት፣ ማንም ስማቸውን ከማይጠራቸው ወገን ነኝ።

አንድ ቀን አንድ አረጋዊ መሪጌታ ከቅዳሴ ሲመለሱ መንገድ ላይ አገኙኝና፣ «ልጄ፣ ከኋላህ የሚያሳድድህ የለም፤ ከፊትህም የምታሳድደው አይታየኝም፤ እንግዲህ የምትሮጠው ለማን ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ። «ለጤናዬ ነው፣ የኔታ» ብዬ መለስሁ። እርሳቸውም፣ «ጤናውንስ እግዚአብሔር ይስጥህ፤ ነገር ግን እኔ የጠየቅሁህ ለምን ብዬ አይደለም፤ ለማን ብዬ ነው» አሉኝ። በለምንና በለማን መካከል ያለው ልዩነት ትንሽ ይመስላል፤ ሲያስቡት ግን የነገሩ ሥር ያለው እዚያው ላይ ነው።

ለዚህ ጥያቄ ዓለም ቀደም ብሎ አንድ መልስ ሰጥቶት ነበር። አማተር የሚለው ቃል ከፈረንሳይኛ የመጣ ሲሆን በመሠረቱ ወዳጅ፣ አፍቃሪ ማለት ነው፤ ይህም ለገንዘብ ሳይሆን ለሥራው ፍቅር ሲል የሚሠራ ሰው ነው። በኦሊምፒክ ጨዋታ በስፖርት ገንዘብ ያገኘ ሰው እንዳይገባ የሚከለክል ሕግ ብዙ ዘመን ቆይቷል። አሜሪካዊው ጂም ቶርፕ በ1904 ዓ.ም. ስቶክሆልም ላይ ሁለት ወርቅ ካገኘ በኋላ፣ ቀደም ሲል ቤዝቦል ተጫውቶ ጥቂት ገንዘብ ተቀብሏል ተብሎ በ1905 ዓ.ም. ሜዳዮቹን ተነጠቀ፤ የተመለሰለትም እርሱ ከሞተ ከብዙ ዘመን በኋላ፣ በ1975 ዓ.ም. ነው። ዘጠኝ የኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘው ፊንላንዳዊው ፓቮ ኑርሚም በ1924 ዓ.ም. በሎስ አንጀለስ ማራቶን እንዳይሮጥ የተከለከለው በገንዘብ ነገር ነበር። ያ ሕግ ዛሬ ቀርቷል።

ሕጉን ያወጡት ሰዎች ፍቅርን ከጥቅም ለመለየት አስበው ይሆናል። ነገር ግን ሚዛናቸው የተሳሳተ ነበር። ባለጠጋ ያለ ደመወዝ ቢሮጥ እንጀራው ከቤቱ አይጎድልም፤ ድኻ ግን ሥራውን ትቶ ሲሮጥ የሚጎድለው ከማዕዱ ነው። ስለዚህ ገንዘብ አለመቀበል ብቻውን የፍቅር ምስክር ሊሆን አይችልም። ከዚህም የሚበልጥ አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም ሯጩ ክፍያ ባይቀበልም እንኳ ስለ እርሱ የሚከፍል ሌላ ሰው መኖሩ ነው።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን በቁጥር እንየው። በሳምንት አምስት ቀን፣ በቀን አንድ ሰዓት የሚሮጥ ሰው በዓመት 260 ሰዓት ይሮጣል። ይህም በቀን ስምንት ሰዓት ለሚሠራ ሰው ከ32 የሥራ ቀን በላይ ነው። እንግዲህ አንድ ወር ሙሉ ከቤቱ ሥራ ወጥቷል ማለት ነው። ይህን ወር ማን ሰጠው? እርሱ ሲሮጥ ውኃ የቀዳችው ሚስቱ ናት፤ ጥጃውን የጠበቀው ልጁ ነው፤ አጥሩን ያጠረለት ወንድሙ ነው። እነርሱን ሳይጠይቅና ሳያመሰግን፣ «እኔ ያለ ክፍያ የምሮጥ የስፖርት ወዳጅ ነኝ» ብሎ ቢመጻደቅ፣ በሰው ምድር ልጇን ትድር የተባለው ተረት በእርሱ ደረሰ።

በአገራችን ስለዚህ ነገር የሚያስተምር መልካም ልማድ አለ፤ እርሱም ወንፈል ነው። ደቦ ሲሆን ባለጉዳዩ ደግሶ ሰውን ይጠራል፤ ወንፈል ሲሆን ግን ዛሬ አንተ ለእኔ ታጭድልኛለህ፣ ነገ እኔ ለአንተ አጭድልሃለሁ። የተበደሩት ቀን በቀን ይከፈላል። ማንም ወረቀት አይጽፍበትም፤ ነገር ግን ማንም አይረሳውም። ታላቁ ሩጫ የሚደረግበት ኅዳር ደግሞ በእኛ አገር ጤፍ የሚታጨድበት ወር ነው። ሯጩ ጫማውን አሥሮ ወደ አዲስ አበባ ሲነሣ ጎረቤቱ ማጭዱን ይስላል። እንግዲህ የሯጭ ቀን የማን ነው ለሚለው ጥያቄ የእኔ መልስ ይህ ነው፤ በሁለት ውድድር መካከል ያለው ቀን የወንፈል ቀን ነው። ልትወስደው ትችላለህ፤ ነገር ግን ልትመልሰው ይገባል።

በዚህ ላይ ሦስት ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል።

አንደኛው፣ «እንዲህ ከሆነ ማሸነፍ የማይችል ሰው ፈጽሞ ባይሮጥ ይሻላል፤ የማይመልሰውን ለምን ይበደራል?» የሚል ነው። ይህን የሚል ሰው የዲማን የቅኔ ቤት ይመልከት። የቅኔ ተማሪ ሁለት ቤት ብቻ ካለው ከጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ ከዚያም ወደ ዘአምላኪየ፣ ወደ ሚበዝኁ፣ ወደ ዋዜማ እያለ ስምንት ቤት እስካለው እስከ መወድስ ድረስ ይወጣል። በየቀኑ ለብቻው ተቀምጦ ይቆጥራል፤ ከመምህሩ ፊት ቀርቦ ይነግራል፤ መምህሩ ያርመዋል ወይም ይጥልበታል። በማግሥቱ የትናንቱን ሊደግም አይችልም፤ አዲስ ይቆጥራል። እነዚያ ሁሉ ቅኔዎች የት ገቡ? ብዙዎቹ አልተጻፉም፤ በማኅሌትም አልተሰሙም። ነገር ግን አልጠፉም፤ በተማሪው አእምሮ ውስጥ ገብተው ሰውየውን ሠርተውታል። ይህም ተማሪ አኮፋዳውን ይዞ በየደጁ ሲቆም የመንደሩ ሰው ቁራሽ ይሰጠው ነበር። መንደሩ የሰጠው ሁሉም መምህር ይሆናል ብሎ አይደለም፤ ከእርሱ የሚወጣው ምግባርና ዕውቀት ወደ ሰው ይመለሳል ብሎ ነው። ሯጭም እንዲሁ ነው። የሚመልሰው ዋንጫ ባይሆን፣ ትዕግሥትና ጤና፣ ቃል አክባሪነትም ሊሆን ይችላል። ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስም ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው መልእክት ሯጭን ምሳሌ አድርጎ ያነሣው ራስን ስለ መግዛት ሲያስተምር ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ፣ «ታላላቆቹ ሯጮች ቤታቸውን ትተው ባይለማመዱ ኖሮ ለአገር ክብር ባላስገኙም ነበር» የሚል ነው። እውነት ነው። አበበ ቢቂላ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በእንቁጣጣሽ ዋዜማ፣ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ አሸነፈ። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ደግሞ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ከተደረገለት ጥቂት ሳምንታት በኋላ ቶኪዮ ላይ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ አሸነፈ። ሁለቱ ሩጫዎች ሲደመሩ አራት ሰዓት ተኩል አይሞሉም፤ በመካከላቸው ያሉት ቀኖች ግን 1,500 ያህል ናቸው። በእነዚያ ቀኖች ውስጥ ድልም ሽንፈትም ነበር፤ በ1955 ዓ.ም. ቦስተን ላይ የወጣው አምስተኛ ነው። ነገር ግን አበበ የክብር ዘበኛ ወታደር ነበር፤ እነዚያን ቀኖች የሰጠው መለዮው ነው፤ መለዮውን ያበላው ደግሞ ሕዝቡ ነው። እርሱም የተበደረውን አብዝቶ መለሰ። ስለዚህ የአበበ ነገር የወንፈልን ሕግ አያፈርስም፤ ይልቁንም ያጸናዋል።

ከዚህም በላይ ያ 1,500 ቀን ምን እንደ ሠራ የታየው በድል ቀን ብቻ አይደለም። በ1961 ዓ.ም. መጀመሪያ ሜክሲኮ ላይ 17 ኪሎ ሜትር ያህል ከሮጠ በኋላ እግሩን ታሞ ወጣ፤ ማራቶኑን ሌላው ኢትዮጵያዊ ማሞ ወልዴ አሸነፈ። በዚያው ዓመት መኪና ተገልብጦበት እግሮቹ ሽባ ሆኑ። በ1962 ዓ.ም. ግን በእንግሊዝ አገር፣ ስቶክ ማንደቪል በተደረገው የአካል ጉዳተኞች ውድድር በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ ቀስት ወረወረ። እግሩ ቢቀርም እግሩን ያሠለጠነው ሰው አልቀረም። ውድድር የሚገልጠው ጉልበትን ነው፤ መከራ የሚገልጠው ግን ልምምዱ ያፈራውን ሰው ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ የሚመጣው ከሯጩ ከራሱ ልብ ነው፤ «ዛሬ ካላረፍሁ፣ ነገም ከጨመርሁ እበረታለሁ፤ ለቤቴ የሚሆን ጊዜ ግን አይተርፈኝም» ይላል። ይህ የሰውነትን ሕግ ካለማወቅ የሚመጣ ነው። ሰውነት በሩጫው ሰዓት ይደክማል እንጂ አይበረታም፤ የሚበረታው ከሩጫው በኋላ በእንቅልፍ፣ በምግብና በዕረፍት ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው፣ ዕረፍቱን ያልጠበቀ ሯጭ ጅማቱን ታሞ የሰበሰበውን ጉልበት ይበትናል። ስለዚህ ለሚስቱ ውኃ የቀዳበት፣ ከጎረቤቱ ጋር ለቅሶ የደረሰበት፣ ልጁን ያስጠናበት ቀን ከልምምዱ የተሰረቀ ቀን አይደለም፤ ከልምምዱ ክፍል አንዱ ነው።

ሯጩ እንዳይታበይም አንድ ነገር ያስብ። የደጋው አየር ስስ በመሆኑ በዚህ አየር የሚኖር ሰው ደም ቀይ ሕዋሳቱን ያበዛል፤ ይህም ለሯጭ ትልቅ ስንቅ ነው። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር ይበልጣል፤ የጮቄ ተራራ ደግሞ ከ4,000 ሜትር ይበልጣል። ነገር ግን ይህ ለሁሉ የተሰጠ ስጦታ ነው። ሃያ ሊትር ውኃ በጀሪካን ተሸክማ ዳገቱን የምትወጣ ሴት በዚያው አየር ትተነፍሳለች፤ ድካሟም ከእኔ ድካም አያንስም፤ ሆኖም ማንም ስፖርተኛ ብሎ አይጠራትም፤ ደረቷም ላይ ቁጥር አይለጠፍም። ሯጭ እርሷን በመንገድ ሲያገኛት ሰላምታ ሰጥቶ መንገዱን ሊለቅላት ይገባል።

አንባቢ ሆይ፣ ሩጫ ለአንተ ሥራ ባይሆን ሌላ የምትወደው ነገር ይኖርሃል፤ መጽሐፍ ማንበብም ሊሆን ይችላል፤ ንብ ማነብም ሊሆን ይችላል፤ መሰንቆ መምታትም ሊሆን ይችላል። የምትወደውን ነገር አትተው፤ ፍቅር የሌለበት ሕይወት ደረቅ ነውና። ነገር ግን ሰዓቱን ከማን እንደ ተበደርህ በስሙ ዕወቅ። ብድሩን ሳይጠይቁህ መልስ፤ መመለስ ባትችል ደግሞ አስቀድመህ አስፈቅድ። ከሩጫህ ስትመለስም ቤትህ የሚቀበለው ከወጣው ሰው የበለጠ ታጋሽና የተሻለ ሰው መሆኑን መርምር። የተሻለ ከሆነ፣ መጨረሻ ብትወጣም ቀኑ አልባከነም፤ የከፋ ከሆነ ግን፣ አንደኛ ብትወጣም ያሸነፍኸው በሌላ ሰው ዕዳ ነው።