ቤትን ማደስና ቃልን ማደስ

በአዲስ አበባ የሚገኘው የአፍሪካ አዳራሽ በ1953 ዓ.ም. ተመረቀ። ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ መሪዎች የአንድነት ድርጅትን ቻርተር የፈረሙት በዚሁ ቤት ነው። ብዙ ዘመን ካገለገለ በኋላ ታድሶ በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ተከፈተ። የአፈወርቅ ተክሌ የመስተዋት ሥዕል እንደ ቀድሞው ያበራል፤ የጥንቱ ወንበር ተጠግኗል፤ የዘመኑ የስብሰባ መሣሪያም ገብቶለታል።

ታዲያ ይህን ያህል አዲስ ነገር የገባበት ቤት ያው የቀድሞው ቤት ነውን? እንደሚመስለኝ፥ የተሠራበትን ጉዳይ እስከ ፈጸመ ድረስ ያው ነው። ወንበሩን ጠግነን፥ በወንበሩ ላይ ተቀምጠው አባቶች የገቡትን ቃል ብንረሳ ግን፥ ያደስነው ግድግዳውን እንጂ ቤቱን አይደለም። ግድግዳውን ባለሙያ ያድሰዋል፤ ቃሉን ግን የሚያድሰው የወረሰው ሰው ብቻ ነው።