ሩቅ ሆኖ ስለ መስማትና ቀርቦ ስለ መጫወት

ሰው ወዳጁን የሚያውቀው በመከራ ቀን ነው ይባላል። ቃሉ እውነት ነው። ነገር ግን በመከራ ቀን ወዳጅነት ምን ማድረግን እንደሚጠይቅ ለይቶ መናገር ሁልጊዜ ቀላል አይደለም። ለተራበ ወዳጅ እንጀራ ማካፈል፥ ለታሰረ ወዳጅ ስንቅ ማቀበል፥ በታመመ ወዳጅ አጠገብ ቁጭ ብሎ ማደር፥ ይህ ሁሉ የታወቀ ነው። የወዳጅ ትንፋሽ ራሱ አደጋ በሆነበት ጊዜስ እንዴት ይሆናል? ወዳጁን የሚወድ ሰው ይቀርበዋልን ወይስ ይርቀዋል?

ይህ ጥያቄ በ2012 ዓ.ም. በዓለም ሁሉ ላይ ወደቀ። የዓለም ጤና ድርጅት የኮሮና በሽታ ዓለም አቀፍ ወረርሽኝ ሆኗል ብሎ መጋቢት 2 ቀን አስታወቀ፤ ጥቂት ቀንም ሳይቈይ በኒውዮርክ ከተማ የሙዚቃ ቤቶች ተዘጉ። ከ1927 ዓ.ም. ጀምሮ የኖረው፥ ቪሌጅ ቫንጋርድ የሚባለው የታወቀ የጃዝ ምድር ቤት እንኳ በሩን ዘጋ። በሽታው የሙዚቃውን ታላላቅ ሰዎች ፈጥኖ አጠቃ። ትራምፔት ነፊው ዋላስ ሮኒ መጋቢት 22 ቀን፥ የፒያኖ ሊቅና መምህር የነበሩት ኤሊስ ማርሳሊስ በማግሥቱ፥ ሳክስፎን ነፊው ሊ ኮኒትዝ ሚያዝያ 7 ቀን ዐረፉ። ዕድሜአቸውም በየተራው 59፥ 85 እና 92 ዓመት ነበረ።

እንግዲህ የጃዝ ሙዚቀኛ እቤቱ ተቀምጦ ለብቻው ሊጫወት አይችልምን? ይችላል። ፒያኖ ተጫዋቹ ፍሬድ ኸርሽ በዚያን ጊዜ በየቀኑ ከቤቱ አንድ አንድ ዜማ እየተጫወተ በኢንተርኔት ያሰማ ነበር። ዳሩ ግን የጃዝ ዋና ጠባይ ንግግር ነው። ዜማው የታወቀ ቢሆን እንኳ ተጫዋቹ በዚያው ሰዓት ከልቡ አዲስ ነገር እያፈለቀ ይጨምርበታል፤ ባልንጀራውም ሰምቶ ወዲያው ይመልስለታል። በዚህ ረገድ በጉባኤ ቆሞ ቅኔ የሚዘርፍን ተማሪ ይመስላል፤ ትናንት የተባለውን ቢደግም አይመሰገንም።

ይህ ንግግር መዘግየትን አይታገሥም። ድምፅ በአየር ውስጥ በአንድ ሴኮንድ 340 ሜትር ያህል ይሄዳል፤ ስለዚህ ዐሥር ሜትር ተራርቀው የቆሙ ሁለት ተጫዋቾች እርስ በርሳቸው የሚሰማሙት የሴኮንድ 3 መቶኛ ያህል ዘግይቶ ነው። ከዚህ ብዙ ካለፈ ምቱ ይላላል፤ አንዱ ሌላውን ሲጠብቅ ሁለቱም ወደ ኋላ ይቀራሉ። በተራው የኢንተርኔት መነጋገሪያ ደግሞ ድምፅ ከዚህ ብዙ እጥፍ ይዘገያል። አድማጩ በሌላ አገር ቢቀመጥ ጨዋታው ጥቂት ዘግይቶም ቢሆን ሳይበላሽ ይደርሰዋል። ተጫዋቾቹ ግን ምት ጠብቀው በአንድነት ለመጫወት አንድ ክፍል ገብተው አንድ አየር መተንፈስ ነበረባቸው።

ፒያኖ ተጫዋቹ ኤሜት ኮኸን በዚያው በመጋቢት ወር፥ በኒውዮርክ በሃርለም ሰፈር ካለው መኖሪያ ቤቱ፥ ከባስ ተጫዋቹ ከራስል ሆልና ከከበሮ መቺው ከካይል ፑል ጋራ ሆኖ ጃዝ በቀጥታ ማስተላለፍ ጀመረ፤ ሰኞ ማታም የታወቀ ቀናቸው ሆነ። ቪሌጅ ቫንጋርድም በሰኔ ወር ወንበሮቹ ባዶ እንደ ሆኑ እንዲሁ አደረገ።

እዚህ ላይ ሁለት ወቀሳዎች ይነሣሉ። አንደኛው፥ ሕዝብ በሚሞትበት ሰዓት ሙዚቃ ምን ይረባል የሚል ነው። ለዚህ መልስ መስጠት አያስቸግርም። ሙዚቃ ለሙዚቀኛው እንጀራው ነው። ቤቱ ተዘግቶበት ለብቻው ለተቀመጠ ሰውም፥ ሰኞ ከማክሰኞ በማይለይበት ወራት፥ ማታ የሚጠብቀው ነገር መኖሩ ቀኑን ቀን ያደርግለታል።

ሁለተኛው ወቀሳ ግን ከባድ ነው። ሦስት ወዳጆች አደጋውን ዐውቀው፥ ተስማምተው ቢገናኙ የራሳቸው ጉዳይ ነው ይባል ይሆናል። ነገር ግን ከሦስቱ አንዱ አሮጊት እናት ያለችው ቢሆንስ? እርስዋ አልተጠየቀችም፤ ከጨዋታውም ላይ አልነበረችም። ልጅዋ ይዞት የሚገባውን ትንፋሽ ግን እርስዋ ትቀበለዋለች። ሰው በራሱ ሕይወት ሊደፍር ይችላል፤ ባልጠየቀው ሰው ሕይወት መድፈር ግን ጀግንነት ሳይሆን በደል ነው።

ስለዚህ በእኔ አስተያየት የዚያ ዘመን የጨዋታ ሕግ ከፒያኖው አጠገብ አይጀምርም። ሰኞ ማታ ከወዳጆቹ ጋራ ሊጫወት የሚወድ ሰው ጥንቃቄውን ከማክሰኞ ጀምሮ ይይዛል፤ የት እንደ ዋለ፥ ከማን ጋራ እንደ በላ ያስባል። ከሁሉ የሚከብደው ግን እውነቱን መናገር ነው። «ትናንት ሰው በበዛበት ቦታ ነበርሁና ዛሬ እቀራለሁ» ማለት ገንዘብንም ደስታንም ያሳጣል። ይህን ደብቆ የመጣ ሰው ጣቶቹ ምንም ቢሠለጥኑ ወዳጅ አይደለም። ባልንጀሮቹም ድርሻ አላቸው፤ እውነቱን የነገራቸውን ሰው ቢቈጡትና ቢያሳፍሩት በሁለተኛው ጊዜ ይደብቃቸዋል። በጨዋታ ጊዜ አንዱ ሲሳሳት ሌላው ስሕተቱን ተቀብሎ እንደሚያቃናለት ሁሉ፥ በኑሮም እንዲሁ ሊሆን ይገባል።

ከዚህ የምንረዳው፥ መቅረብም መራቅም ለብቻቸው ፍቅር አለመሆናቸውን ነው። ሳይጠነቀቅ የሚቀርብ ሰው ራሱን ይወዳል፤ ፈርቶ ለዘለዓለም የሚርቅም እንዲሁ። ስለ ወዳጁ ብሎ ስድስት ቀን የሚጠነቀቅ፥ በሰባተኛው ቀን የሚቀርብ፥ ሲጠራጠርም የሚቀር ሰው፥ እርሱ በመምጣቱም በመቅረቱም ወዳጅ ነው።

ሩቅ ሆኖ የሚሰማውስ ሰው? በዚያን ወራት በውጭ አገር ከሚኖሩት ወገኖቻችን ብዙዎች የእናት የአባታቸውን ቀብር በስልክ እያዩ አልቅሰዋል። ያ ለቅሶ ለቅሶ አይደለም የሚል ማን ነው? ነገር ግን ከድንኳኑ ገብቶ ከጎን ቁጭ የሚለውን ሰው እንደማይተካ ያለቀሱት ራሳቸው ያውቁታል። የጃዙም አድማጭ እንዲሁ ነው። ደስታው እውነተኛ ነው፤ አደጋው ግን የሌሎች ነበረ። ስለዚህ ዕዳ አለበት። ሊሰጥ ከቻለ ከገንዘቡ ይስጥ፤ ካልቻለ ሌላ ሥራ ሳይሠራ ልቡን ሰብስቦ ይስማ።

ተጫዋቾቹም በባዶ ክፍል አንድ ነገር ተፈትነዋል። ዜማው ሲያልቅ ጭብጨባ አልነበረም፤ የሚሰሙት ዝምታን ነው። ለምስጋና ብቻ የሚሠራ ሰው እንዲህ ያለውን ዝምታ አይችለውም። ባልንጀራው በደንብ ሰምቶ በደንብ እንደ መለሰለት የሚያውቅ ሰው ግን ቀጥሎ ያለውን ዜማ ይጀምራል።

በቪሌጅ ቫንጋርድ አድማጮች በ2014 ዓ.ም. በመስከረም ወር ተመለሱ። ወረርሽኙ ያስተማረው ግን ከወንበሮቹ መሙላት ጋራ ሊረሳ አይገባውም። ወደ ወዳጃችን ቤት ስንገባ ይዘንበት የምንገባው በሽታ ብቻ አይደለም፤ ቍጣም፥ ሐሜትም፥ የደበቅነው ነገርም አብሮን ይገባል። ስለዚህ፥ አንባቢ ሆይ፥ የወዳጅህን በር ከማንኳኳትህ በፊት ምን ይዘህ እንደ መጣህ ራስህን ጠይቅ፤ የሚጎዳው መስሎ ከታየህም እውነቱን ከደጅ ሳለህ ንገረው።