ሣር አጫጁና አውሎ ነፋሱ

በጁን 2017 እ.ኤ.አ. በካናዳ፣ አልበርታ ውስጥ ስሪ ሂልስ በምትባል ከተማ አንድ አባወራ የግቢውን ሣር በመኪና ሲያጭድ ሚስቱ ፎቶግራፍ አነሳችው። ከበስተጀርባው ቶርኔዶ ይሽከረከራል! ፎቶውን ያየ ገሚሱ ሳቀ፣ ገሚሱ አደነቀ።

ለመሆኑ ይህ ጀግንነት ነው ወይስ ግዴለሽነት? ሰውየው በዓይኑ ይከታተለው እንደነበር ተናግሯል። እሺ፣ ዓይን ከፍቶ መረጋጋትና ዓይን ጨፍኖ መረጋጋት ለየቅል ናቸው። ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ትንሿ ልጁ፣ አባቷ ወደ ቤት አልገባ ቢላት፣ ተጨንቃ እናቷን ከእንቅልፍ ቀስቅሳለች። አደጋውን የለካ ሰው አጠገቡ ያለውን ፍርሃትስ መለካት የለበትም? እርጋታችን ለራሳችን ብቻ ከሆነ ምኑን እርጋታ ሆነ! ማጨጃውን አጥፍቶ «አይዞሽ» ለማለት አንዲት ደቂቃ ትበቃለች፤ ሣሩ እንደሁ የትም አይሄድ።