ለበጎ የሚዋሽ ውሸት አለ ወይ?

ውሸት ነውር ነው እየተባልን አደግን። አሁን ግን ሳይንስ ራሱ ሲያታልል አየነው፤ ያውም ሊያድን! ምን እንበል?

ነገሩ እንዲህ ነው። የካንሰር መድኃኒት በደም ሥር ሲገባ ዕጢውን ብቻ አይመታም፤ ጤነኛውንም አካል ይጎዳል። ፀጉር የሚረግፈው ለዚሁ ነው። ስለዚህ ተመራማሪዎች መድኃኒቱን ከፖሊመር በተሠራ ናኖ ቅንጣት ውስጥ ቋጥረው መላክ ያዙ። አንድ ናኖሜትር የሜትር አንድ ቢሊዮንኛ ናት። ይሁንና በጉበትና በጣፊያ ዘብ የቆሙ ሕዋሳት ባዕድ የመሰላቸውን ሁሉ ይውጣሉ። እ.ኤ.አ. በ2011 ሳንዲዬጎ ባለው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የእነሊያንግፋንግ ዣንግ ቡድን ከተፈጥሮ ተምሮ ዘዴ አመጣ፤ ቅንጣቱን የቀይ ደም ሕዋስ ሽፋን አለበሰው። በዚያ ሽፋን ላይ ሲዲ47 የሚባል ፕሮቲን አለ። ለዘበኛው «የቤት ልጅ ነኝ፣ አትብላኝ» ይለዋል። ቅንጣቱ ከ72 ሰዓት በኋላም በአይጦች ደም ውስጥ ተገኘ።

ጉድ የሚያሰኘው ግን ሌላ ነው። ብዙ ዓይነት ካንሰርም ይህንኑ ሲዲ47 አብዝቶ ለብሶ ከዘበኛው ያመልጣል። ገዳዩም አዳኙም አንድ ካባ ደረቡ! ታዲያ ልዩነታቸው ምኑ ላይ ነው? አንዳንዶቻችን «ዓላማቸው ላይ ነዋ!» እንላለን። ይህ መልስ ያስፈራናል። ዓላማዬ በጎ ነው የማይል አታላይ መቼ ታይቶ ያውቃል?

እኛ ግን ጥያቄው ቦታውን ስቷል እንላለን። ዘበኛው ሕዋስ ቃል አልተገባለትም፤ አምኖ አይከዳም። አምኖ የሚከዳ ሰው ነው። ስለዚህ ውሸቱን ከቅንጣቱ ላይ ሳይሆን ከአልጋው አጠገብ እንፈልገው። በየቤታችን የምናውቀው ነው፤ እናት ካንሰር ሲገኝባት ወሬው ለልጆች በሹክሹክታ ይነገራል፤ እሷን «ትንሽ ቁስለት ነው እማዬ» እንላታለን። ለበጎ ብለን! እሷም የምትወጋውን ሳታውቅ ክንዷን ትዘረጋለች። መሰናበት የምትሻው ሰው፣ ማስታረቅ የምትፈልገው ልጅ ቢኖርስ? በአይጥ የተሳካውን በእጅ እንደገባ ፈውስ አድርጎ የሚያወራላትም ያው ዋሾ ነው።

ሕዋስን ማታለል ጥበብ ነው፤ ይቀጥል። ሕመምተኛን ማታለል ግን ከገዛ ሕይወቷ እሷን ማስወጣት ነው። ቅንጣቱ ካባውን ይልበስ፤ እኛ ግን ካባችንን አውልቀን አጠገቧ እንቀመጥ። ከባድ ነው፤ እናውቃለን። እናንተስ ምን ትላላችሁ?